ድልድዩ ጋ የቆመችው ዘጠኝ ቁጥር

ካውያ የሚሏት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ላውንደሪ ቤት ቀኑን ሙሉ ካውያ ጨብጣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ስለምትውል ነው። ሁለተኛው ምላሷ ነው። ካውያ እንኳ ገመዱ ሲነቀል ይበርዳል፤ የሷ ምላስ ገመድ የለውም።

የምትኖረው ካሳደገቻት አክስቷ ጋር፣ ከተማው በሙሉ ከእግር በታች በሚታይበት ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው። ዱሮ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ እያቃሰተች እስከ ጫፍ ትወጣ ነበር። የቀድሞው ከንቲባ «አያዋጣም» ብለው ከሰረዟት ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ የኮረብታው ሰው በእግሩ ይወርዳል፣ በእግሩ ይወጣል፤ ጉልበት ያለው ማለት ነው። አክስቷን፣ እቴቴን፣ ጉልበቷ ከድቷታል። ከተማውን ለሦስት ዓመት ያየችው በመስኮት ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በአንድ ነጭ ሸሚዝ ነው። ሸሚዙ ነጭ ቢሆንም ኪሱ ጥቁር ነበር።

«ይሄ ምንድነው? ኪስህ ውስጥ ከሰል ትሸጣለህ እንዴ?» አለችው፣ ሸሚዙን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

«የእርሳስ ነው። ቀያሽ ነኝ» አለ ልጁ። ጆሮው ላይ ሌላ እርሳስ ሰክቷል። እሱ ራሱም ቀጭንና ረጅም ስለነበረ፣ ስም ለማውጣት ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። እርሳስ አለችው፤ እርሳስ ሆኖ ቀረ።

እርሳስ ሸሚዙን ሊወስድ ሲመለስ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ የአንድ ሸበቶ ሰውዬ ፎቶ አለ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ አሁን ለከንቲባነት የሚወዳደሩ ሰው ናቸው። ሁሉም ዳይሬክተሩ ነው የሚላቸው። እሷ ፎቶውን አየችና ከሁሉም ጋር የሚስማሙ ይመስላሉ አለች። እሱም አዎ፣ ጥሩነታቸው እሱ ነው አለ። እሷ ደግሞ ከሁሉም ጋር የሚስማማ ሰው ከማን ጋር እንደሚጣላ አይታወቅም አለችው። ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ እሷ ያንን ማየት ስለፈለገች ሌላ ቀልድ ፈለገች፣ ግን ለጊዜው አልመጣላትም።

«ለኮረብታው ቀስቃሽ አጥተናል» አለ። «ሁሉም ሜዳ ሜዳውን ነው የሚፈልገው።»

«ሰውየው ዘጠኝ ቁጥርን ይመልሳሉ?»

«ስለሷ ሐሙስ ስብሰባ አለ። ነይ፤ ራሳቸው ይነግሩናል።»

ሐሙስ ልትሄድ ፀጉሯን ሁሉ ተሠርታ ነበር። ሆቴሉ ግን በዚያው ቀን መቶ አንሶላ ላከ። ባለላውንደሪዋ፣ እትዬ፣ በር ላይ ቆመው አንሶላውን በአንድ እጃቸው እሷን በሌላው እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ። ሐሙስ በእንፋሎት ውስጥ አለፈ። መቼም የሰው ዕድል አንዳንዴ በአንሶላ ይጠቀለላል።

ቅዳሜ ኮረብታው ሥር ተገናኙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቀስቃሾች ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይጽፋል። በየበሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ አንድ ነገር ብቻ ቢደረግልዎ ምን ይሁን? የተባለው ሁሉ ባለቤቱ እያየ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ዳይሬክተሩ ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ያልተጻፈ አልተባለም ይላሉ። ማን ይናገር ማን ይጻፍ ብለው መመካከር አላስፈለጋቸውም። እሷ አፍ፣ እሱ እርሳስ።

የመጀመሪያው በር የጋሽ ሾፌር ነበር። ዱሮ ዘጠኝ ቁጥርን ይነዱ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ጥያቄውን ሲሰሙ መልሱ አፋቸው ላይ የተዘጋጀ ነበር።

«ዘጠኝ ቁጥር ትመለስልኝ።»

«ትመለሳለች ጋሼ» አለች ካውያ። «እስከ ጫፍ ትመጣለች። እዚህ፣ በርዎ ድረስ።»

ይህን ስትል ፊቷ በራ። ውስጧ እቴቴ ነበረች፤ ከመስኮቱ ተነስታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጥ። እርሳስ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። አፉን ከፈተ። አያት። እሷም አየችው። ከዚያ አፉን ዘጋና ጻፈ።

ጋሽ ሾፌር ሁለቱን በየተራ ካዩ በኋላ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብለው ሳቁ።

ያቺን የእርሳስን አስተያየት ካውያ ቤቷ ይዛት ሄደች። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አብራት ዋለች። እንዲህ አፉን ከፍቶ የሚያየኝ ወዶኝ ነው አለች። እውነቱን ለመናገር ወዷትም ነበር። ግን መውደድ ብቻ አልነበረም።

ዘጠና አራት በር አንኳኩ። ዘጠና አራተኛው የራሷ ቤት ነው። ደንብ ደንብ ነው ብላ እንደ እንግዳ አንኳኳች።

«ማነው?» አለች እቴቴ ከውስጥ።

«ለምርጫ ቅስቀሳ ነው የመጣነው፣ እመቤቴ።»

«ቀስቃሿ የትናንቱን ሰሃን አጥባ ትቀስቅስ።»

እርሳስ ከሳቁ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት፤ ጥያቄውን ግን እሱ ራሱ ነው የጠየቃት። እቴቴ ዘጠኝ ቁጥርን አለች፣ እንደ ሰው ሁሉ። እሱ ጻፈ። ከዚያ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ሳያርፉ ስንት እርምጃ ይሄዳሉ?»

«ሃያ ሁለት» አለች እቴቴ ሳታስብ። «ሜዳም ይሁን ደረጃ፣ ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ደህና ሁኚ ብሎኝ ይሄዳል።»

ጻፈ።

«ይሄንንም ትጽፋለህ?» አለችው ካውያ።

«ያልተጻፈ አልተባለም» አለ።

እነሱ ሲወጡ እቴቴ ሳጥኗን ከፈተች። ለሦስት ዓመት ያልተለበሰ ሰማያዊ ቀሚስ አወጣችና ለካውያ ሰጠቻት። ካውያ እንደዚያ ተጠንቅቃ የተኮሰችው ልብስ የለም። ግድግዳው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ሰቀሉት። አውቶቡሷን እንዲጠብቅ።

ዳይሬክተሩ አሸነፉ። ኮረብታው ከአንድ ሁለት ሰው በቀር ሙሉ ድምፁን ሰጥቷቸው ነበር። ያን ቀን ካውያ ላውንደሪው በር ላይ ቆማ የማታውቀውን ሰው ሁሉ አቀፈች። እርሳስንም አቀፈችው፤ እሱ ግን የምታውቀው ስለሆነ ትንሽ ረዘመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የማር ጊዜ ነበር። እርሳስ ማዘጋጃ ቤት የትራንስፖርት ክፍል ተቀጠረ። እሑድ እሑድ ከሰዓት ኮረብታውን በእግሩ ይወጣል፣ ላቡን ጠርጎ ከእቴቴ ጋር ካርታ ይጫወታል። እቴቴ ታጭበረብራለች፤ እሱ እያየ እንዳላየ ያልፋታል። ካውያ ይህን ደግነት አለችው። አይቶ ዝም ማለት ሌላም ስም ሊኖረው እንደሚችል ያኔ አልታያትም።

አንድ እሑድ አጥሩ ላይ ተደግፈው ከተማውን እያዩ፣ ሁለት ወር ያፈነውን ነገር አወጣው። የመጀመሪያዋ ዘጠኝ ቁጥር የምትመጣ ቀን በሷ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ካውያን ለመውሰድ እቴቴን እንደሚጠይቃት ነገራት።

«ሸሚዝህን እኔ ነኝ የምተኩስልህ» አለች። ሌላ ነገር ማለት ፈልጋ ነበር፤ የመጣላት ይሄ ብቻ ነው። ከዚያ «እስከ ጫፍ ስትመጣ እኮ ነው፣ እዚህ ድረስ» አለችው።

ዝም አለ። እጇን ያዘ። እሷ ዝምታውን እንደ እሺታ ወሰደችው። ዝምታ ግን እንደ ሆቴል አንሶላ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ሕልም ያልምበታል።

አዲሱ ከንቲባ መጥፎ ሰው አልነበሩም። ችግሩም እሱ ነበር። መጥፎ ቢሆኑ ይሰደቡና ይገላገሉ ነበር። ክሊኒክ ከፈቱ፤ በሳምንት ሦስት ቀን። የተማሪ ምሳ ጀመሩ፤ እስከ አራተኛ ክፍል። የአውቶቡስ ኩባንያውን ያባርራሉ ሲባል ከኩባንያው ሰዎች ጋር ተጨባብጠው ፎቶ ተነሱ። ለሳቸው ብለው በፀሐይ ሲንከራተቱ የነበሩ ቀስቃሾች አንድ በአንድ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ነገሩ ሁሉ ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ሆነ። ሕዝቡም ስም አወጣላቸው፤ ግማሽ መንገድ። ካውያ ግን ትሟገትላቸው ነበር። አውቶቡሷ ትምጣና እናንተን አያድርገኝ ትላለች።

በስምንተኛው ወር የኮረብታው ሰው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ቀይ መስመር ከመናኸሪያው ይነሳና በገበያው አድርጎ፣ ክሊኒኩን አልፎ፣ ኮረብታው ሥር ያለው ድልድይ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ካውያ የመስመሩን ቅጥነት አየች። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ የጥግ ፊርማ አላስፈለጋትም። እርሳስ ፊት ወንበር ላይ፣ እሷ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ዞር አላለም።

ዳይሬክተሩ አስረዱ። ማስረዳት ይችሉበታል። የዱሮዎቹ አጫጭር አውቶቡሶች ተሸጠዋል፤ አሁን ያሉት ረጃጅሞቹ ጫፉ ላይ መዞር አይችሉም፤ ይዙሩ ከተባለ ደግሞ አስራ አራት ቤት መፍረስ አለበት። ካውያ ተነሳች።

«አጫጭር ለምን አይገዛም፣ ጋሼ?»

«ጠይቄ ነበር። የምክር ቤቱ ግማሽ የኔ አይደለም፤ እምቢ አሉ።»

«እምቢ ሲሉ እሺ ይባላል?»

«እስከ ጫፍ ብል ምንም አላገኝም ነበር፣ ልጄ። ድልድዩ ድረስ ስል ተስማሙ። ባዶ እጄን ከምመጣ ይህን ይዤ መጣሁ።»

«እኛ የመረጥንዎት እስከ ጫፍ ብለው ነው።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጣ ፊት አልነበረም። ከሰሌዳ አሳስቶ የገለበጠን ተማሪ የሚያዩበት ዓይነት ነው።

«እኔ በምርጫውም ጊዜ ድልድዩ ድረስ ነው ያልኩት። ሐሙስ ስብሰባ ላይ፣ ለቀስቃሾቹ በሙሉ። እስከ ጫፍ ያለሽ ማነው?»

ከዚያ የዘጠና አራት ቤት ሰው፣ ወንበሩ እየተንቋቋ፣ ወደ ካውያ ዞረ።

እሷ ያየችው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐሙስ እዚያ ስብሰባ ላይ ነበር። እርሳስ ዞሮ አያት፤ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው በር፣ አፉ ትንሽ ተከፈተ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ያኔ የዚያችን አስተያየት ግማሽ ትርጉም አገኘችው፤ ስምንት ወር ትራስ አድርጋ የተኛችባትን።

ውጭ፣ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ደረሰባት።

«ዘጠና አራት በር ላይ ስዋሽ አጠገቤ ቆመህ ጻፍክ» አለችው።

«አልዋሸሽም። አታውቂም ነበር።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«የመጀመሪያው በር ላይ ልነግርሽ ነበር። ፊትሽን አየሁትና አልቻልኩም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሃያ በር ሆነ። ከዚያ የትኛው በር ላይ እንደምጀምር ጠፋኝ።»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ካውያ ድንገት ሌላ ነገር መጣባት።

«እሳቸውስ? እኔ የምለውን አያውቁም ነበር?»

መልሱ ዘገየ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ቢዋሽ ምናልባት የዚያን ቀን ይተርፍ ነበር። እሱ ግን አንዴ ስለዘገየ ሁለተኛ መዘግየት አልፈለገም።

«ነግሬያቸዋለሁ። ምርጫው ይለፍና እናስተካክለዋለን አሉኝ። እኔም... ከተመረጡ በኋላ ወደ ጫፍ ይስቧታል ብዬ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ለመንኳቸው።»

«እያወቁ ነው እንግዲህ ማን አለሽ ያሉኝ። በሰው ፊት።»

«አዎ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ነበር። ካውያ ግን ስትጎዳ የምትግለው በምላሷ በኩል ነው።

«አንተና እሳቸው አንድ ናችሁ። ግማሽ እውነት፣ ግማሽ መንገድ። እኔ ግማሽ ሰው አላገባም። ዘጠኝ ቁጥር ጫፍ ካልደረሰች እንዳትመጣ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፍ ላይ የምትኖር ልጅ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባት።

ዘጠኝ ቁጥር ሰኞ ጠዋት ድልድዩ ጋ መጣች። አዲስ ናት፤ ረጅምና አብረቅራቂ። የኮረብታው ልጆች እየተንጋጉ ሊያዩዋት ወረዱ። ካውያ ከአጥሩ አልወረደችም። ከመጀመሪያዋ አውቶቡስ አንድ ቀጭን ሰው ሲወርድ አየች። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም፤ ሸሚዙ ግን በደንብ የተተኮሰ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። የራሷን ሥራ አታጣውም።

ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። እሷ አጥሩ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ሁለተኛዋ አውቶቡስ መጥታ ሄደች። አልተሳፈረም።

«ውረጂ እንጂ» አለች እቴቴ ከመስኮቱ።

«እሱ ይውጣ።»

«አትምጣ ያልሽው አንቺ። እሱ ሰው የሚለውን የሚሰማ ልጅ ነው። መከራውም እሱ ነው።»

ከጫፉ እስከ ድልድዩ ካውያ ስትሮጥ አምስት ደቂቃ ነው። ሥራ ሲረፍድባት በየቀኑ ሮጣዋለች። ያን ቀን እግሯ አንድ ጊዜ ተነቃነቀ፤ እውነት ነው፣ የአጥሩን መዝጊያ እስከ መክፈት ደርሳ ነበር። ከዚያ አዳራሹን አስታወሰች፤ የወንበሮቹን መንቋቋት፣ የዞሩባትን ፊቶች። መዝጊያውን ይዛ ቆመች። ሦስተኛዋ አውቶቡስ ስትመጣ ነጩ ሸሚዝ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ዘጠኝ ቁጥር ድልድዩ ጋ ዞራ ሄደች። ያለ ምንም ችግር ነው የዞረችው። ቦታው ሰፊ ነው።

ከሳምንት በኋላ እትዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጧት። ያ ረጅሙ ልጅ መጥቶ ነበር አሏት፤ ሌላ ወረዳ መንገድ ሊቀይስ ተመድቦ መሄዱ ነው። አንቺ ከጓዳ የሆቴሉን አንሶላ እየተኮስሽ ነበር፤ ልጥራት ስለው፣ ሥራ አታስፈቷት አለ። ካውያ ጋዜጣውን ፈታች። ደብተሩ ነው። ዘጠና አራት ቤት፣ ዘጠና አራት መልስ፣ በቀጭን እጅ። እሷ በየበሩ የሰጠችው ቃል ግን አንዱም ገጽ ላይ የለም። ያልተጻፈ አልተባለም። ታዲያ ለምንድነው እንደዚያ የከበዳት?

ቅዳሜ ደብተሩን ይዛ ወጣች። በዚያው ቅደም ተከተል፣ በር በበር። አሁን የሚጽፍ ስለሌለ ብቻዋን ነበረች። እስከ ጫፍ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳልሰማ ነው የተናገርኩት፣ ይቅርታ ትላለች። አንዳንዱ አይዞሽ አለ። አንዱ በሩን በአፍንጫዋ ላይ ዘጋ። አንዲት እናት ደግሞ አልጮኸችም፤ አውቶቡሷ በራችን ትመጣለች ብዬ የታችኛው ሰፈር የተሰጠኝን ቤት መለስኩት፣ ያው እንግዲህ ብላ እጇን አማታ ወደ ውስጥ ገባች። ካውያ ያችን ሴት እስከ ዛሬ ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

ጋሽ ሾፌር ወንበር አውጥተው አስቀመጧት።

«አስራ ሰባት ዓመት ነው ይሄን ዳገት የነዳሁት» አሉ። «ረጅም አውቶቡስ እዚህ እንደማይዞር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ የመረጥኩት ድልድዩንም ካገኘን ምን ጎደለን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ምን ላድርግ፣ ፊትሽን አየሁታ።»

ካውያ ተነስታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ፊቷን ረገመች። ሰው ሁሉ እያየው እውነቱን የሚውጥበት ፊት ለማን ይበጃል? ደግሞም፣ ጋሽ ሾፌርን በዚያው ደቂቃ ይቅር ብላቸዋለች። ያንኑ ያደረገውን ሌላኛውን ግን ድልድይ ላይ አቁማዋለች። ለምን እንደሆነ ስታስብ አንድ መልስ ብቻ አገኘች፤ ጋሽ ሾፌርን አትወዳቸውም። እሱን ግን ሙሉ ሰው እንዲሆን ፈልጋው ነበር።

ደብዳቤ ልትጽፍለት ሦስት ጊዜ ጀመረች። ስትናገር የማያልቅባት ልጅ ወረቀት ላይ ግን ከስሙ አላለፈችም። አራተኛውን ሳትጀምር ክረምት ገባ።

በበጋ ሠራተኞች ድንጋይና ሲሚንቶ ይዘው መጡ። ከድልድዩ እስከ ጫፍ ደረጃ ይሠራል ተባለ፤ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ በየመሀሉ አግዳሚ ወንበር ያለው። ዕቅዱ ማዘጋጃ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ ነው አሉ። ካውያ አውቶቡስ ጠይቀን ደረጃ አመጡልን ብላ አላገጠች፤ ሠራተኞቹም ሳቁ። እሷ ደግሞ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እየሄደች አጫጭር አውቶቡሶች መቼ እንደሚገዙ ትጠይቃለች። ጸሐፊዋ ገና ስታያት «አልተገዛም» ትላለች። ካውያም «ይጻፍልኝ» ትላለች። እስከ ዛሬም አልተወችውም፤ ልክም ናት።

ደረጃው ያለቀ ዕለት እቴቴ ግድግዳውን አየችና «አውርጂልኝ» አለች። ሰማያዊ ቀሚሱ ከመሰቀል ብዛት ትከሻው ላይ ደብዝዟል። ካውያ እንደገና ተኮሰችው።

በአንድ እጇ መደገፊያውን፣ በሌላው ካውያን ይዛ እቴቴ መውረድ ጀመረች። እየቆጠረች ነበር፤ ልማዷ ነው። አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። እግሯ ሊከዳት ሲል አግዳሚው አጠገቧ ነበር። ተቀመጠች። ተነፈሰች። ተነሳች። እንደገና ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። አግዳሚ። ሦስተኛው ላይ ካውያ ራሷ በልቧ መቁጠር ጀመረች። አራተኛው ላይ ሃያ ሁለት ስትል ድምፅዋ ወጣ፣ ተሰበረም።

እቴቴ አግዳሚው ላይ ሆና ቁልቁል አየች። ወንበሮቹ እስከ ድልድዩ ድረስ ተራ በተራ ይታያሉ፤ አስራ ዘጠኝ ናቸው።

«ያ ልጅ ይጠይቀኛል ብለሽኝ አልነበር?» አለች።

«ነበር።»

«ጠይቆኛል እኮ። ሳታርፊ ስንት ትሄጃለሽ ብሎ። ከጉልበቴ ጋር ስኖር እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

ካውያ ምላሷን ፈለገችው፤ የለም። በእቴቴ ስም ዘጠና አራት በር አንኳኩታለች፣ አዳራሽ ውስጥ ተነስታለች፣ ሰው አባርራለች። አንድ ቤት አብራት እየኖረች ግን ስንት እርምጃ እንደምትችል ጠይቃት አታውቅም ነበር።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ቁጥር ቆማ ነበር። ሾፌሩ አሮጊቷን አይቶ ሞተሩን አጠፋና ጠበቀ። እቴቴ መስኮት ጥግ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ ዓመታት ከላይ ያየችውን ከተማ አሁን ፊት ለፊት ልታይ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

ካውያ ግን በኋላው መስታወት ወደ ኮረብታው ነበር የምታየው። አጥሩ ከዚህ ይታያል። መዝጊያው ሳይቀር ይታያል፤ ክፍት ቢሆን፣ ሰው ይዞት ቢቆም ያስታውቃል። ያን ቀን መዝጊያውን ስትከፍት አይቷት እንደነበር ገባት። ሦስተኛዋ አውቶቡስ እስክትመጣ የጠበቀው ያንን አይቶ ነው።

አውቶቡሷ ዞረች። ብትሮጥ አምስት ደቂቃ ነበር።